የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት

ዘመሮ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንዳፈራሁ
ዓለም ከተማ፣ በአማትህ ግቢ

ወንዴ የኔ ጌታ፣

እንዴት ከረምክ? መሲ እንዴት ናት? የልጅ ልጄ ሰውነትስ ደረቱ ለቀቀው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ክብር ለመድኃኔዓለም። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። ውርጩ ጀምሯል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ግንበኛው አወቀ ነው። ዓለም ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲመጣ በእጁ ሰደድኩት። ስታየው ፊትህ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። እባክህ ልጄ፣ አንብበህ እስክትጨርስ አንድም ክፉ ቃል እንዳትናገረው። አስገባው፣ የሚቀመስ ነገር ስጠው፣ ከዚያ ብቻህን ወጣ በልና አንብብ። ጮክ ብለህ ደግሞ እንዳታነበው፣ አደራ።

"ምነው በስልክ አትነግሪኝም?" ትል ይሆናል። በስልክማ እንዴት ብዬ! ገና "ሃሎ" ከማለቴ ያንን ድምፅ ማጉያ ትከፍተዋለህ። እኔ "ወንዴ" ብዬ ስጣራ "እንደምን ዋሉ እትዬ ዘነቡ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?" የምትለኝ እሷ። እሷ አልኩ እንዴ? እሳቸው። እትዬ ሰርካለም፣ አማትህ። ለልጄ ገና ያልነገርኩትን ሕመሜን እሳቸው ቀድመው ይጠይቁኛል። ከአንተ ጋር አንዲት የግል ቃል ከተለዋወጥኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት የተማርኳትን ፊደል አቧራዋን አራግፌ ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ እጽፋለሁ። መስመሩ ቢንጋደድም ታገሰኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህ። መታጠቢያ ቤቱን ስታሠራልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ ታውቃለህ። በዚህ ብርድ ደጅ እንዳልታጠብ፣ አዳልጦኝ እንዳልወድቅ ብለህ ነው። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ሴራሚኩን በመዳፉ እየዳበሰ "ወንዳፈራሁ እናቱን አከበረ" ሲል መሬት አልበቃኝም። ሚያዝያ ላይ ታዲያ ልስኑ ገና ሳያልቅ እትዬ ሰርካለም "ልጠይቅዎ" ብለው ከናንተ ጋር መጡ። ያን ሁሉ ገደል ወርደው ወጥተው መምጣታቸው መልካም ነው፤ እሱን አልነቀፍኩም። ገቡና ግራ ቀኙን አይተው፣ በአወቀ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ "መታጠቢያ ቤት ያለ መስኮት? እርጥበቱ በየት ሊወጣ ነው? ይሻግትብዎታል" አሉ። አንተም ወዲያው "እውነታቸውን ነው፣ አወቀ፣ እዚህ ላይ ክፈት" አልክ። ወዲያው! እኔ አንድ ወር ሙሉ "በሩ ወደ ውጭ ይከፈት" ብዬ ስለምን ሰሚ ያጣሁት ሴትዮ፣ የእሳቸው ቃል ገና ከአፋቸው ሳይወጣ መሮው ግድግዳው ላይ አረፈ።

በኛ አገር ቀዳዳ ይደፈናል እንጂ ይከፈታል እንዴ? እናቴ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የምትጠይቀው ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ነበር። በዚያ በኩል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አትተውም። የክረምቱን ጉም አንተም ታውቀዋለህ፤ በር ከፍተህ ከተውክለት ገብቶ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። ፀሐይ ስትሞቅ የኖረች የዓለም ከተማ ሴት ለመንዝ ሴት ስለ ነፋስ ልታስተምር! ድንቄም! ሆዴ ተቃጠለ፤ አፌ ግን "እውነትዎን ነው እትዬ ሰርካለም" አለ።

ሐምሌ ላይ የሆነውን አይተሃል፤ እኔ ያየሁትን ግን አላየህም። ሰውነት ሁለት ዓመት ሞልቶት እግሩ ቤቴን ሲረግጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከመኪና ስታወርዱት እጄን ዘረጋሁለት። ልጁ አንገትህ ሥር ተሸጉጦ "እምዬ! እምዬ ጋ!" እያለ አለቀሰ። እኔ ሞኟ "ወዬ የኔ ዓለም፣ ይኸው እምዬ" አልኩ። መሲ ሳቅ ብላ "እማማ፣ እምዬ የሚለው እኮ እናቴን ነው፤ አብረው ስለሚውሉ ለምዷት ነው" አለችኝ። መሲ ክፋት የላትም፣ እሷን አልተቀየምኳትም። ግን ያቺ ቃል አንተ እናቴን ትጠራባት የነበረች ቃል ናት። እናቴ ስትሞት እንግዲህ ተራው የኔ ነው ብዬ ስጠብቃት የኖርኳት ናት። ተራዬ ደረሰ ስል ሌላ ሰው ወስዷት አገኘሁ።

በሁለተኛው ቀን ግን ልጁ ቀረበኝ። "ዛሬ የማጥበው እኔ ነኝ" ብዬ ውሃ አሙቄ ወደ መታጠቢያ ቤት ይዤው ገባሁ። እንፋሎቱ እስኪጋርደን ድረስ በሩን ዘግተን ስንጫወት፣ በጣሳ ውሃ እየቀዳ ራሴ ላይ ሲያፈስ፣ ሲስቅ! ያን ቀን እትዬ ሰርካለምን ረሳኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ደረቱ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሲነፋ ተነሳ። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ጌታነሽ በማዳመጫዋ አዳምጣ "ቤታችሁ ሻጋታ አለ?" ብላ ጠየቀች። መሲ ወደኔ ዞር አለች። ምን ልበላት? የጣሪያውን ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ወሮታል። ዝናቡ አላባራ ብሎኝ ያጠብኩትን የበግ ጠጉር እዚያው በገመድ ሰቅዬው ይንጠባጠባል። መሲ ዕቃዋን ስትሸክፍ "ቤቱ እስኪደርቅ አናመጣውም፣ እማማ፣ አይቀየሙኝ" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሄዳችሁ። አንድ ካልሲው ገመዱ ላይ ቀርታ ነበር፤ እስካሁን አለች።

"መስኮት እያለው በሦስት ወር እንዴት ሻገተ?" ብለህ ስትጠይቀኝ ያልኩህን አስታውስ። "የአወቀ ሥራ ነው፣ ሲሚንቶ አሳስቶ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ሴራሚክ ለጠፈበት" አልኩህ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይህ ነው። አንተም ደውለህ ሰደብከው። ወሬው ገበያ ደረሰ። አወቀ ለበጋ የያዛቸውን ሁለት ቤቶች ሌላ ግንበኛ ወሰዳቸው።

እኔ በበኩሌ ልጁ ለገና እንዲመጣልኝ ያላደረግኩት የለም። መስከረም ላይ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ገዝቼ ሻጋታውን ከላይ ቀባሁት። በአሥረኛው ቀን ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ገላ ውሃ ቋጠረ፤ ጥቁሩም መልሶ ብቅ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ሲሉ ሰምቼ አልሰማሁም። ያን ሰሞን ስትደውልልኝ እትዬ ሰርካለም እንደ ልማዳቸው ከድምፅ ማጉያው ወጡ።

"እትዬ ዘነቡ፣ በረኪና በውሃ አቅጥነው ይወልውሉት፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ከታጠቡም በኋላ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ከሁሉ በላይ ግን መስኮቱ ክፍት ይሁን።"

"ክፍት ነው!" አልኩ።

"ቀኑን ሙሉ?"

"ኧረ ሌቱንም ጭምር!"

"ታዲያ እርጥበቱ ከየት መጣ?" አሉ። በቅንነት ነው የጠየቁኝ፤ አሁን ሳስበው በቅንነት ነው።

"ከእግዜር!" ብዬ ዘጋሁባቸው። አንተ ኔትዎርክ የተቋረጠ መስሎህ ሦስት ጊዜ መልሰህ ደወልክ።

የሳቸውን ምክር ከምሰማ በእሳት አደርቀዋለሁ አልኩ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ማንደጃ ሙሉ ከሰል አቀጣጥዬ መታጠቢያ ቤት አስገባሁና በሩን ከውስጥ ዘግቼ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ግድግዳው ይደርቃል ስል ጭራሽ ያልበው ጀመር፤ ውሃው በሴራሚኩ ላይ ይንቆረቆራል። ቆይቶ ራሴ ከበደኝ። ልነሳ ስል ጉልበቴ አልታዘዝ አለ። ከዚያ የማስታውሰው "እትዬ ዘነቡ! እትዬ ዘነቡ!" የሚል ድምፅ ነው።

አወቀ ነው። ስሙን ያጠፋሁበት ሰው ሥራውን በዓይኑ አይቶ ጥፋቱን ሊያውቅ በዚያች ሰዓት እግዜር ላከው። በሩን በትከሻው ገንጥሎ እኔን ብብቴን ይዞ እየጎተተ ወደ ግቢው አወጣኝ። "ሰው በዝግ ቤት ከሰል ያነዳል? ራስዎን ሊገድሉ ነው?" እያለ ይጮኽብኛል። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ አልነበረም። ከዚያ ማንደጃዎቹን አውጥቶ አየር እንዲገባ መስኮቱን ሊከፍት ተመለሰ። እኔ አጥሩን ተደግፌ "ተወው አወቀ፣ ተወው" እላለሁ፤ ድምፄ አልወጣም።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ግን የሆነ ነገር ተወትፎበታል። ይዞ ሳበው፣ ሳበው፣ አያልቅም። ሲወጣ ውሃ ጠጥቶ የከበደ፣ አረንጓዴና ጥቁር የሆነ፣ ሽታው ከግቢው ማዶ የሚጣራ ነገር ነው። አወቀ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ጠርዙ ላይ ያለውን ጥለት አየና ቀና አለ።

"ይሄ በወንዳፈራሁ ሰርግ የለበሱት ጋቢ አይደለም?" አለኝ።

ወደ በጎቹ ዞር አልኩ።

"እትዬ ሰርካለም ያለበሱዎት?"

"እሱ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?"

"ከሚያዝያ።"

"እንግዲያ እኔ..." አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን እያየ "ሦስት ወር ሙሉ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ስፈልግ ከረምኩ፣ እትዬ። አሸዋውን ነው? ውሃ ልኩን ነው? ጠፋኝ" አለኝ።

ልጄ፣ እውነቱ ይኸው። ሚያዝያ ላይ ተሰናብታችሁ ስትሄዱ፣ መኪናችሁ ገና ኩርባውን ሳይዞር፣ ከሳጥኔ ያንን ጋቢ አወጣሁ። በዚህ ጉልበቴ በርጩማ ላይ ወጥቼ በመጥረጊያ እንጨት እየወተፍኩ መስኮቱን ደፈንኩት። ሐምሌ ላይ ስትመጡ የሰቀልኩት የበግ ጠጉር ጋርዶት አላያችሁትም። ብርድ እንዳይገባ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ብርድ ቢሆን ቤቴ ስንት አሮጌ ጆንያ ሞልቶ የለም? ጋቢውን የመረጥኩት እሷ ስለሰጠችኝ ነው። በመልሱ ቀን ሰው ሁሉ እያየ በእጇ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ "ከእንግዲህ እህቴ ነዎት" ያለችበት፣ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ ነው። እሷ ያስከፈተችውን መስኮት በእሷው ጋቢ ዘጋሁት፤ ደስም አለኝ። ቅናት ነው ልጄ፣ ሌላ ስም የለውም። እንግዲህ የሰውነትን ደረት ያሳመመው አወቀ አይደለም፣ እግዜርም አይደለም። እኔ ነኝ።

አወቀ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። "ቤቱ የኔ እጅ ሥራ ነው፣ እንዲህ ሆኖ አልተወውም" አለ። የቀባሁትን ቀለም ፍቆ አወረደው። በረኪናውን በውሃ አቅጥነን፣ አፋችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ በርና መስኮቱን ከፍተን ወለወልነው። ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳልቀላቅለው፣ ያፍናል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከቧንቧው መገጣጠሚያ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ኖሮ ጎማውን ቀየረው። ለመስኮቱ ወፍ እንዳትገባ ወንፊት ሽቦ፣ ማታ ነፋስ ሲበረታ የምዘጋበት መዝጊያ ሠራለት። አሥር ቀን ካናፈስነው በኋላ ነው ኖራ የቀባው። የበጉን ጠጉር ወደ ቆጡ አወጣሁት፤ እዚያ የምድጃው ሙቀት ያደርቀዋል። እኔም ስታጠብ ውሃውን ከወለሉ ጠርጌ፣ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቄ ነው የምወጣው። ይኸው የእትዬ ሰርካለምን ምክር አንድ ሳላስቀር እየፈጸምኩ ነው፤ ደስ ይበላቸው።

መድረቁን በምን አወቅሽ ትለኝ ይሆናል። አወቀ "ጨው በሰሃን አድርገው እዚያ ያሳድሩት" አለኝ። መጀመሪያ ያሳደርኩት ጠዋት ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጣቴ ላይ ይጣበቅ ነበር። ይኸው አሁን ሰባት ቀን ሙሉ እንደ ዱቄት በጣቶቼ መሃል እየፈሰሰ ነው። ከዚያ ጨው ትንሽ በወረቀት ጠቅልዬ ለአወቀ ሰጥቼዋለሁ። ለመሲ አሳያት። ቅን ሰው ናት፣ ታምነኛለች።

አሁን የምለምንህን ስማ። አወቀ እዚያው ቤት ተቀምጦ ይሆናል። ግባና ይቅርታ ጠይቀው፤ አንተ የሰደብከው እኔ በዋሸሁት ነው። እኔ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ሁሉ ባለበት "ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ስሙን መልሼለታለሁ። ያፈርኩት ማፈር! ግን ይገባኛል።

ከዚያ ለገና ልጁን አምጡልኝ። ሁለት ቀን ይበቃኛል። በዚህ ዓመት ጠጉር ራሴ የፈተልኩት፣ ሸማኔው ያደረሰልኝ ለሱ ቁመት የምትሆን ባና አለች። ከአወቀ ጋር ልልካት አንስቼ መልሼ አስቀመጥኳት። ብልካት የምታለብሰው እሷ፣ አማትህ ናታ! አይሆንም፤ እዚሁ ትጠብቀው። እኔ ነኝ ከታጠበ በኋላ የምጠቀልልበት።

አየህ፣ አሁንም እንዲሁ ነኝ። በየጠዋቱ መስኮቱን ስከፍት እትዬ ሰርካለም ትዝ ይሉኛል፤ ልክ በመሆናቸው አሁንም ትንሽ ይለበልበኛል። ልጄ በሳቸው ግቢ ይኖራል፣ የልጄ ልጅ በሳቸው ጭን ይተኛል፣ ይባስ ብሎ ስለ መስኮቱም እውነቱ ከሳቸው ጋር ነበር! ለኔ ምን ተረፈኝ ብዬ አለቀስኩ። ጋቢውን ግን አምስት ጊዜ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ነጩ ነጥቷል። ጥለቱ አጠገብ መዳፍ የምታክል ጥቁር ነገር አልለቅ ብላለች። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ተውኩት፤ እንዲያው እለብሰዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጮክ ብለህ አታንብብ ብዬሃለሁ። አሁንም አታንብብ፤ ለሳቸው የሚባለውን ራሴ እላለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ያንን ድምፅ ማጉያህን ክፈተው፣ ሁሉም ይስማ። የጋቢውን ነገር ነግሬያቸው፣ ይቅርታ ጠይቄያቸው፣ ለገና እሳቸውም አብረው ይምጡ እላለሁ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

መድኃኔዓለም ለመንገዱ ሰላም፣ ለልጁ ደረት ጤና፣ ለመሲ ቀና ልብ ይስጥልኝ፤ የኔንም ሆድ ሰፋ ያድርገው። እሑድ ከእትዬ ሰርካለም ጋር ስጨርስ ስልኩን ለሰውነት ስጠው። "እምዬ" ያለ እንደሆነ ማንን ነው ብለህ እንዳትጠይቀው። እኔ ቀድሜ "ወዬ" እላለሁ።

እናትህ
ዘነቡ